ሐምራዊው ጅብና የአቶ አስገዶም ማዳበሪያ

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኡራኤል ከታክሲ ወርጄ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ሳዘግም አንድ ሽማግሌ ከመብራት ምሰሶ ኋላ ተሸሽገው አየሁ። ምሰሶው ቀጭን፣ ሰውየው ደግሞ ደንዳና ስለነበሩ መሸሸጋቸው ብዙም አልጠቀማቸውም። ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የጨረታ ማስታወቂያ የሚያነቡ መስለው ማዶ ማዶውን ያያሉ። አንገታቸው ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል። ቀረብ ስል ልብስ ሰፊዬ አቶ አስገዶም ሆነው አገኘኋቸው።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ አስገዶም። ቤት ሊጫረቱ ነው?»

«እባክዎ መምህር፣ እንዳላዩኝ ሆነው ይለፉኝ።»

«ከማን ነው የሚደበቁት?»

«ከልጄ።»

አንባቢ ይወቅልኝ፤ እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰሚ ባገኝም ባላገኝም ማስተማሬን ያልተውኩ ሰው ነኝ። «ይለፉኝ» ያለኝን ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አልፌው አላውቅም። ስለዚህ እኔም ምሰሶው ሥር ቆምኩ።

አቶ አስገዶም ካዛንቺስ ውስጥ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሱቅ አላቸው። ሙያቸው ደህና ነው፤ ከሙያቸው ይልቅ ግን ስማቸው ነው የሚወራው። ሌላው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ይቆነጥራል ተብሎ ሲታማ፣ እሳቸው ከመዳፍ የሚሰፋውን ቁራጭ ሁሉ ከልብሱ ጋር ጠቅልለው ይመልሳሉ። ከመዳፍ ያነሰውን ማዳበሪያ ውስጥ ያጠራቅሙና በየወሩ መጨረሻ ጓሮ ወስደው በገዛ እጃቸው ያቃጥሉታል። ምክንያቱን ለደንበኛ አይናገሩም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ከሰው ልብስ የወጣ ጨርቅ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ባለቤቱ ላይ ይሠራበታል ብለው ያምናሉ።

«እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከጥቅምት ወዲህ ማዳበሪያዬ እየጎደለ ነው። እኔ እሞላዋለሁ፣ እሱ ይጎድላል። መጀመሪያ አይጥ ጠረጠርኩ። ቀጥዬ የጎረቤቱን ሕንፃ ዘበኛ ኦልጅራን ጠረጠርኩ፤ ሰላምታ ከነሣሁት ይኸው ሦስት ሳምንቴ። ትናንት ደግሞ ወይዘሮ ዙለይካ መጣች።»

«ባምቢስ ሱቅ ያላት ዙለይካ?»

«እሷው ናት። ለዒድ ሐምራዊ የከፋይ ቀሚስ ሰፍቼላት ነበር። ደንበኛ ፊት ቆማ ምን ትለኛለች? ‹ጋሽ አስገዶም፣ ልጅዎ ማዕዛ ኡራኤል ባዛር ላይ ጅብ ትሸጣለች፤ የጅቡ ሆድ ደግሞ የኔ ቀሚስ ነው።›»

«ጅብ?»

«የጨርቅ ጅብ! አሻንጉሊት! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል መምህር። ‹አስገዶም ጨርቅ ያስቀራል› የሚል ወሬ ከወጣ እኮ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ መቀመጤ ነው። ልጅቷ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ‹ጥናት አለኝ› እያለች ሻንጣ ሞልታ ትወጣለች። ዛሬ ተከተልኳት።»

«ታዲያ ገብተው አይጠይቋትም?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መጀመሪያ ማን እንደሚገዛት ልይ። ገንዘብ አውጥቶ የጨርቅ ጅብ የሚገዛ ጤነኛ ሰው የለም። ውስጡ የሆነ ነገር ቢኖር ነው።»

ሳቄን እንደምንም ዋጥ አድርጌ ክንዳቸውን ያዝኩና መንገዱን አሻገርኳቸው።

ባዛሩ የተዘጋጀው በአንድ አዳራሽ ግቢ ውስጥ ነው። በሸራው ጥላ ሥር ማር የሚሸጥ አለ፤ የሹራብ ካልሲ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የሸክላ ጌጥ አለ። ማዕዛን ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ከሁሉ መጨረሻ ባለው ጠረጴዛ አገኘናት። ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ዛሬ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በአንድ የግል ኮሌጅ ማርኬቲንግ ትማራለች። ጠረጴዛዋ ላይ ጃርት፣ ዔሊ፣ ጦጣና አንድ እግሩ ያጠረ እንቁራሪት ተደርድረዋል። መሀላቸው አንደኛው ጆሮው ከሌላኛው የሚተልቅ ጅብ ሐምራዊ ሆዱን ነፍቶ ተቀምጧል።

«አባዬ!» አለች፤ ፊቷ ቡን አለ።

«ጥናቱ ይኼ ነው?»

«ልነግርህ ነበር እኮ። ማለቴ… እንቢ ትለኛለህ ብዬ ነው።»

አቶ አስገዶም ጅቡን በትልቁ ጆሮው፣ በሁለት ጣታቸው ብቻ አንጠልጥለው አነሡት። «ይህ ዓይን ከየት መጣ?»

«የካፖርት ቁልፍ ነው።»

«የማን ካፖርት?»

«ኧረ በቃ አባዬ፣ ቁልፍ ነው! ሰው እያየን ነው።»

«ይይ! ውስጡስ ምንድን ነው የተጠቀጠቀው?»

«ቅደደውና እይ» አለች ማዕዛ። እንባዋ መጥቶ ነበር።

አቶ አስገዶም ከኮታቸው ኪስ ትንሿን መቀሳቸውን አውጥተው ስፌቱን አንድ በአንድ ፈቱት። ክታብ ወይም ሥር የሚያገኙ ሳይመስላቸው አልቀረም። የወጣው ግን ጣት ጣት የሚያህል ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር። እያነሡ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ የኦልጅራ ካኪ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ የጎረቤታችን የመብርሂት ጥቁር፤ ባሏ የሞተ ጊዜ የሰፋሁላት። ይህ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ይህ… መምህር፣ ይህ የእርስዎ ግራጫ ሱሪ ነው፤ አምና ወገቡን ያጠበብኩልዎ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የኔው ሱሪ ነው። ጀርባዬን አንድ ቀዝቃዛ ነገር ዳሰሰኝ፤ ነፋስ ነው አልኩ።

«ሰፈሩን በሙሉ ጅብ ሆድ ውስጥ ከተትሽው እኮ፣ ጓለይ!» አሉ አቶ አስገዶም። በትግርኛ «ልጄ» የሚሏት ወይ በጣም ሲወዷት ወይ በጣም ሲያዝኑባት ነው።

«አባዬ፣ አንተ ልታቃጥለው ነበር። ጭሱ እነ እትዬ መብርሂት ቤት እየገባ ስንት ሰው ያስላል። እኔ አጥቤ፣ አፍልቼ፣ ሰፍቼ ልጅ እንዲያቅፈው አደረግኩት። የቱ ይሻላል?»

«አደራ ማቃጠልና አደራ መሸጥ አንድ ነው? ሳቃጥለው ለማንም አይሆንም። ሲሸጥ ግን የማን እጅ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ከሙያዬ ጋር የማይሄድ ሆኖ ታየኝ። «አቶ አስገዶም» አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ጨርቅ ማለት ጥጥ ነው፤ ሱፍ ነው። በጨርቅ የታመመ ሰው ካለ ባልታጠበ ጨርቅ የታመመ ነው። እሱን ደግሞ ልጅዎ አፍልታዋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳስተምር በሱሪ ቁራጭ የታመመ ተማሪ አልገጠመኝም።»

«የታመመ ሰው በምን እንደታመመ መቼ ተነግሮት ያውቃል መምህር?»

ቶሎ ብዬ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ማዕዛ፣ አባትሽ በመተቱ ጉዳይ ተሳስተዋል። በአንድ ነገር ግን ልክ ናቸው። ባለቤቶቹን ጠይቀሻል?»

«የሚጣል ነገር ይጠየቃል እንዴ?»

«የሚጣል መሆኑን ማን ነገረሽ? አባትሽ በአደራ ያስቀመጡት ነው እንጂ የጣሉት አይደለም።»

ማዕዛ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከኋላችን «እሰይ! አባትና ልጅ አንድ ላይ አገኘኋችሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ዙለይካ ናት፤ የስድስት ዓመት ልጇን ሪሐናን በእጇ ይዛለች። አቶ አስገዶም ሆዱ የተከፈተውን ጅብ እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ወይዘሮ ዙለይካ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጨርቅ አላስቀረሁም። እመቤቴ ምስክሬ ናት።»

«ጋሽ አስገዶም፣ እኔ ሰረቁኝ አላልኩም። ያቺን ብጣሽ ሰርቆ ማን ይከብራል? ግን ‹ከሱቄ አንዲት ብጣሽ አትወጣም› ብለው ምለውልኛል። ብጣሿን ጅብ ላይ አየኋት! በብጣሽ የዋሸኝ ሰው በሜትርስ? አልኩና ቤቴ ገብቼ የሰፉልኝን ቀሚስ በሙሉ ለካሁት። ወላሂ፣ አንድ አልቀረኝም!»

«እና?» አሉ አቶ አስገዶም።

«ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው።»

«ትንንሹን አቃጥለዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ክፉ ሰው እጅ እንዳይገባባችሁ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

አቶ አስገዶም የተፈታውን የጅብ ሆድ በመዳፋቸው ገጥመው ያዙ። እኔም እያየኋቸው አዘንኩ። እሳቸው ኦልጅራን ይጠረጥራሉ፣ ዙለይካ እሳቸውን ትጠረጥራለች፣ ማዕዛ ደግሞ ገና ያልተባለችውን «እንቢ» ፈርታ ትደበቃለች። አንዳቸው ቀድመው ሌላውን ቢጠይቁ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ጥርጣሬ ብልህነት የሚመስለን ለዚህ ነው፤ ሳንጠይቅ ያወቅን ያስመስለናል።

«እትዬ ዙለይካ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ማዕዛ ከጠረጴዛው ኋላ ወጥታ። «መጠየቅ ነበረብኝ። ከፋዩን ፈትቼ ልመልስልዎት።»

ይህን ስትል ሪሐና የጅቡን እግር ይዛ ጎተተች። ሆዱ ውስጥ የቀረው ቁርጥራጭ መሬት ላይ ተበተነ። ልጅቷ ግን ጉንጯን ከፋዩ ላይ ለጥፋ «የማሚ ቀሚስ ነው፤ የኔ ነው» ብላ ሙጭጭ አለች።

ዙለይካ ልትቆጣ ብላ ሳቋ ቀደማት። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼኛው እዚሁ ሰፈሩ መሀል ከፋይ አስነጠፈ! ማዕዛዬ፣ ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ የሰማያዊውንም እጨምርልሽ ነበር። በሉ ሆዱን ዝጉልኝና ልጄ ትውሰደው።»

አቶ አስገዶም የማዕዛን በርጩማ ስበው ተቀመጡና ከኮታቸው ኮሌታ ሥር የሰኳትን መርፌ አወጡ። ወዲያው ግን አልሰፉም። ያልፈቱትን የጀርባውን ስፌት በሁለት አውራ ጣታቸው ወጥረው ሳቡት። ደግመው ሳቡት። ክሩ ንቅንቅ አላለም።

«ይህን ድርብ ስፌት ማን አሳየሽ?»

«አንተን እያየሁ ነዋ።»

አቶ አስገዶም የዙለይካን የከፋይ ቁርጥራጭ ወደ ጅቡ ሆድ መለሱ፤ ካኪውን፣ ጥቁሩንና ዩኒፎርሙን ግን ለይተው ኪሳቸው ከተቱ። «የእነዚህ ባለቤቶች አልተጠየቁም» አሉ። ከዚያ ግራጫውን አንሥተው ወደ እኔ ቀና አሉ። «መምህር፣ የእርስዎን ይፈቅዳሉ?»

«ምን ጥያቄ አለው!» አልኩ፤ ባለማሩ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ። ጅቡም ሆዱ ከሳ ብሎ፣ የኔን ሱሪ ውጦ፣ በሪሐና ብብት ወደ ባምቢስ ሄደ።

ሰኞ ዕለት አቶ አስገዶም ካኪውን ይዘው ኦልጅራ ዘንድ ሄዱ። «ይቅር በለኝ፤ ጠርጥሬህ ነበር» አሉት። ሰውየው «እኔ ደግሞ ምን በድያቸው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ» አላቸው። ካኪው ለጦጣ ጭራ እንዲሆን ፈቀደ። መብርሂት ስለ ጥቁሩ ስትጠየቅ ትንሽ አለቀሰችና፣ መቀመጥ ሰልችቷታል መሰል «ጆሮ ጆሮውን እኔ ልስፋ» አለች። አሁን ከሰዓት በኋላ ከማዕዛ ጋር ሱቁ ውስጥ ይሰፋሉ፤ በየባዛሩም ተራ ገብተው ይሸጣሉ። ጓሮው ከጭስ ተገላገለ። ለጣት ለማትሞላ ቁራጭ የሚያስፈቅድ ሰው በሜትር አያታልልም እየተባለ የአቶ አስገዶም ደንበኛም በዛ። አንባቢ ሆይ፣ የአባቶቻችንን አደራ ጠባቂነት እንያዝ፤ ፍርሃታቸውን ግን እንጠይቀው። ልጆቻችንም አዲስ ነገር ሲያመጡ ከባለቤቱ አስፈቅደው ያምጡ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ለኔ ይሻለኝ ነበር፤ ነገር ግን የተማረ ሰው እውነቱን መናገር አለበት።

ባዛሩ በሆነ በሳምንቱ ወገቤን ያዘኝ። ብርድ ነው አልኩ። ሆኖም ያቺ ግራጫ ቁራጭ የወጣችው ከሱሪዬ ወገብ መሆኑ ትዝ እያለኝ ተቸገርኩ። ወሩ ሲያልቅ አዲስ ሱሪ ላሳጥር አቶ አስገዶም ዘንድ ሄድኩ። ከእግሩ ሁለት ጣት ቆረጡና ቁራጮቹን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው፣ አሁን ደንበኛን ሁሉ የሚጠይቁትን ጠየቁኝ።

«ይወስዱታል ወይስ ለጅብ ይሰጡታል?»

አፌ «ለጅብ» ሊል ተከፈተ። እጄ ግን ቁራጮቹን አፈፍ አድርጎ ኪሴ ከተታቸው። «ለ… ለመጣፊያ ይሆነኛል» አልኩና ወጣሁ። ኡራኤል እስክደርስ ኪሴን ጨብጬ ተጓዝኩ። እዚያ፣ የጨረታው ምሰሶ አጠገብ ስደርስ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ፤ አፈርኩ። ተመልሼ ሱቁ ገባሁና ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

አቶ አስገዶም ከስፌት መኪናው ቀና አላሉም። በመቀሳቸው ጫፍ ጥጉን አሳዩኝ።

«ማዳበሪያው እዚያ ነው። ዛሬ ቁራጫቸውን ይዘው ሄደው ከተመለሱት እርስዎ ሦስተኛ ነዎት» አሉ። ትንሽ ሰፉና ጨመሩ፦ «ሁለቱ ግን መምህር አልነበሩም።»