ለአባቷ የመረጠችው እንጨት

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለልጃችን ለሰላም በኩሽኔታ የሚሄድ ጋሪ ሠራላት። ለፊተኛው መሪ ሁለት እንጨት አዘጋጅቶ፣ "አጭሩ ቶሎ ይታጠፋል፤ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ አይንቀጠቀጥም፤ ምረጪ" አላት። "አጭሩን!" አለች። ከዓባይ ድልድይ ማዶ ያለው ቁልቁለት ታየኝና፣ "ኧረ ልጄን እንዳትሰብራት!" ብዬ ጮኽሁ። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ "እሺ፣ አጭሩ ይሁን። መጀመሪያ የምወርድበት ግን እኔ ነኝ" አላት። ሰላም ቦርጩን አየት አድርጋ፣ "ለአንተስ ረጅሙ ይሻላል፣ አባዬ" አለችው። "ለእኔ የተሻለው ለአንቺ ምን ያንሳል?" ብሎ ረጅሙን በብሎን አሰረው።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ተለቀቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። "ቀስ በል፣ አባዬ! ቀስ በል!" እያለች ከኋላው ስትሮጥ፣ ለእኔ የቀረልኝ መሳቅ ብቻ ነበር።