ሠርጉና የዕጢው ምርመራ

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ወንድምና እህት ተቀምጠው ይነታረካሉ። ሌላው ወንድማቸው ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ተኝቷል፤ እሷ ወደ እሱ ልትበር ነው፣ ታላቁ ሊሸኛት።

«ጋሼ፣ እሺ በለው እንጂ። ያለ አንተ ቃል አልመረመርም ብሎ ቁጭ ብሏል።»

«ዘረመሉ ይታይ ሲሉ እሺ ልበል? ልጄን ልድር ደርሻለሁ። እነዚህ ሰዎች በደማቸው በሽታ አለ ይበሉን?»

«የሚታየው ከሳንባው የተቆረሰው ዕጢ ነው። ዘረመሉ የተለወጠው እዚያው ዕጢው ውስጥ ነው እንጂ ከአባታችን የወረስነው አይደለም። ሐኪሙ በስልክ ነግሮህ የለም?»

«ሐኪሙ ምን አለበት? ልጅ አይድር።»

«ጎበዝ። ወንድምህ ትንፋሽ አጥሮት አንተ የሙሽራውን ዘመዶች ፊት ታያለህ።»

«ደግሞ ፕሮቲን እንለካለን ይላሉ። ፕሮቲን ከሆነ ዓሣ ይብላ፤ ባሮ ወንዛችን አልደረቀ።»

«እሱም ዕጢው ላይ ያለ ምልክት ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚሆነው የሚያውቁት ያንን አይተው ነው። ዓሣውንስ አንተ ብትበላው ይሻል ነበር፣ ለጭንቅላት ይረዳል ይባላል።»

«ብቻ ሠርጉ ይለፍ።»

«ይለፍ። ድንኳኑን ግን እንዳታስነቅል፤ ለለቅሶው ይሆነናል።»

ሰውየው ዞር ብሎ ተሳፋሪውን ቃኘ።

«ደውይለት» አላት በመጨረሻ። «ይመርመር በይው። ቀስ ብለሽ ተናገሪ ግን፣ ሰው ይሰማል።»

እኔም የሰነበተብኝን ሳል በመሐረቤ አፍኜ ዋጥኩት።