የመሪጌታ ዳዊት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዓይን እየመረመርኩ መነጽር ማዘዝ ነው ሥራዬ። እንደ እኒህ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ እንደመጡ መሪጌታ ግን ያሞኘኝ ሰው የለም። ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሏቸው ነው የመጡት። የብራና ዳዊታቸውን አንግተው ስላየሁ፣ «እስቲ ከሱ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ከማኅደሩ አውጥተው ገለጡና አንበለበሉት። «ዓይንዎ ደህና ነው» ልላቸው ስል ነው ልብ ያልኩት፤ ሦስት መዝሙር ሲዘልቁ አንድም ቅጠል አልገለጡም።

«በቃልዎ ነው እንዴ?» አልኳቸው። «ታዲያ በምን ይሁን ልጄ? ከልጅነቴ ጀምሮ ፊደሉ እየተደራረበ ያስቸግረኛል። ጓደኞቼ ሲያነቡ እየሰማሁ ያዝኩት። በጧፍ ሳጠና ያበላሸሁት ዓይን ነው» አሉኝ። «ጧፉ ምንም አላደረገም። የዓይንዎ ፊት እንደ ኳስ ክብ መሆን ሲገባው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ፣ ብርሃኑ አንድ ቦታ አላርፍ ብሎ ነው። አስቲግማቲዝም እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜ አብሮ ይወለዳል» አልኳቸው።

የመሞከሪያውን መነጽር አድርጌላቸው መስታወት እያቀያየርኩ ቆየሁ። ጠራላቸው መሰለኝ፣ ዳዊታቸውን ሳቡና በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። አንዱ ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ጸሐፊው አንድ መስመር ዘሏል» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው ስዞር ገና ዛሬ አየሁት።»

«ታዲያ እርስዎም ዘለው ነበር የሚደግሙት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው በመነጽሩ አዩኝ።

«እኔ ምን አይቼ ልዝለል?»