ጡረተኛው መምህርና የእንግሊዞች አነጋገር

ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር እህታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ደረጃውን ሳይጨርሱ የእንግሊዝ ሴት ድምፅ ሰሙ። «እህቴ ከመቼ ወዲህ ነው የውጭ እንግዳ የምትቀበለው?» ብለው ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንኳኩተውም በእንግሊዝኛ ሰላምታ አቀረቡ። በሩን የከፈተችላቸው ግን የእህታቸው ልጅ ነበረች፤ መስታወት ይዛለች።

«ውይ ጋሼ! ይግቡ። የእንግሊዞችን አነጋገር እየተለማመድኩ ነው» አለች አፍራ። በአንድ ሆቴል ስልክ ክፍል ለሙከራ ተቀጥራ ነበር።

መምህሩ ተቀመጡ እንጂ ልባቸው አልተቀመጠም።

«ምነው ልጄ፣ እኔ ያስተማርኩሽ ምን ጎደለው? በሰው አፍ ካልተናገርሽ አይሰማልሽም?»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ ባይኖሩ እዚያ ሥራ ደጃፍ መች እደርስ ነበር? ግን እንግዶቻችን የሚበዙት እንግሊዞች ናቸው። በቀደም አንዱ ከሠላሳ ቁጥር ክፍል አገናኚኝ ሲለኝ፣ በእንግሊዝኛ ድምፃቸው ይቀራረባልና አሥራ ሦስት መስሎኝ የተኛ ሰው ቀሰቀስኩ። አለቃዬ ሁለተኛ እንዳይደገም ብላኛለች።»

«አጥርቶ ቢናገርስ?»

«እሱማ እንደ አገሩ ነው የተናገረው፤ ያልለመደው የኔ ጆሮ ነው። አፌ ሲሠለጥን ጆሮዬም አብሮ ይሠለጥናል።»

«መስታወቱስ?»

«ምላሴን ላይበት ነው። አንዳንዱ ድምፅ የምላስ ጫፍ በጥርስ መካከል ብቅ ካላለ አይወጣም።»

«ሰው ፊት ምላስ ማውጣት! እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ?»

እናትየዋ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። «እኔም ትናንት የሰደበችኝ መስሎኝ ልቆጣ ነበር!»

እውነቱን ለመናገር መምህሩን የከነከናቸው ምላሱ አልነበረም። ብዙ ሽማግሌ አዲስ ነገር የሚጠላው ነገሩ ክፉ ሆኖበት ሳይሆን የራሱ ድካም የተረሳ ስለሚመስለው ነው። ልጅቱም ይህ ገባት። ስልኳን አውጥታ የአንድ እንግሊዛዊ ንግግር ከፈተችላቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህችን አረፍተ ነገር ይስሙልኝ።»

ሰሙ፤ አስደገሙ። ቃላቱ ተያይዘው አመለጧቸው። ጽሑፉን ስታሳያቸው ግን፣

«ይኼን ሁሉ አውቀዋለሁ እኮ!» አሉ።

«ያውቁታል። የሚያውቁትን ሰው በጨለማ እንደማግኘት ነው።»

መምህሩ ሳቁ። «እንግዲያ የኛን አነጋገር ንቀሽ አይደለም?»

«ያሳደገኝን እንዴት እንቃለሁ? ቤት ስገባ የራሴ አነጋገር አለልኝ። ሥራ ላይ ግን እንግዳው እንዳይቸገር ብዬ ነው።»

«እሱስ ልክ ነው፤ እንግዳ ማስቸገር ነውር ነው። እስቲ መስታወቱን ወዲህ በይ!»

«ወንድሜ! በስተርጅና?» አለች እህታቸው።

ልጅቱ ሙከራውን አልፋ በሥራዋ ጸናች። የሌላውን አነጋገር ማጥናት የራስን መጣል አይደለም፤ ጆሮ ይከፍታል፣ ስህተት ያስቀራል፣ እንጀራም ያበላል። ይህን ዛሬ ለሰፈሩ ሁሉ የሚሰብኩት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። የምሥራቹን ልትነግራቸው የሄደች ዕለትም እንዲህ አሏት፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቴ የማስጠናቸው ተማሪዎች አሉ። ሰዋስዉን እኔ እይዛለሁ፤ ድምፁን አንቺ አስተምሪልኝ።»

«እርስዎ ባሉበት እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። እኔም ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ።»