ጭድ ሲወድቅ አይጮህም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ጎረቤቶች፤ አንቺም ከፊት ያለሽው የጋሼ ቀስ ባለቤት፣ እህቴ፤ ዝናቡ ሳይመልሳችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የሕፃናቱ ሞግዚት ነኝ። ሳቂታ መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አፌ አያርፍም። ዛሬም ብስቅ አትፍረዱብኝ። እሱን እያሰቡ አለመሳቅ አይቻልም። አሟሟቱን እያሰቡ መሳቅ ግን... እሱን አልችልም።

ጋሼ ቀስን የማያውቅ ማን አለ? አናጢያችን። በየዓመቱ አዝመራ ሲሰበሰብ የጭድ እስር እየደረደረ፣ ልጆች ገብተው መውጫ የሚፈልጉበትን ያንን "ግራ አጋቢ" የሚሠራልን። "ቀስ!" ሳይል የማይውል። ቀስ ውጡ! ቀስ ያዙ! ሠርጉ ላይ ቀለበት ሲያጠልቅላት ሳይቀር "ቀስ" አለ ይባላል። ውሸት ነው እህቴ? ይኸው፣ ሳቀች።

ጉረኛም ነበር፤ ሞተ ብዬ አልደብቅም። "ከእኔ ወዲያ ጭድ ደርዳሪ ላሳር!" ይል ነበር። ግድግዳው ከእናት ደረት አይበልጥም፤ ዓይኗ ልጇን እንዳያጣ። እስሩ እንደ ጡብ እየተቆላለፈ ነው የሚደረደረው። ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ሲጨርስ ደግሞ በልጅ ቁመት ሊያየው በእንብርክኩ ይገባል። አንዴ ጥግ ላይ ተቀርቅሮ፣ እኔና ሚስቱ እግር እግሩን ይዘን ጎተትነው። እሱ ከውስጥ "ቀስ! ቀስ!"

"የለቅሶ በር" የሚላትስ? በየጥጉ ከሌላው ጋር ሳያቆላልፍ የሚያቆማት አንዲት እስር። ልጅ ውስጥ ካለቀሰ እሷን ስቦ ያወጣዋል። አንዷን ሚጢጢ እንዲያ አውጥቶ እንባዋን ሲጠርግላት ምን አለችው? "ለምን አወጣኸኝ? መውጫውን ላገኘው ስል! መልሰኝ!" መለሳት፤ በዚያው በር።

ዘንድሮስ? ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን ኮሚቴ "ልጆቹ ሰለቻቸው፤ ግድግዳው ከፍ ይበል፣ ላዩም በጭድ ተሸፍኖ ዋሻ ይሁን" አለ። ጋሼ ቀስ፣ "ጣሪያ ካለው ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ምሰሶ ይፈልጋል" አለ። ምን ተባለ? "ጭድ እኮ ነው ጋሼ፣ ምን ያደርጋል?"

እምቢ አለ። በሌላ ሰው አሠሩት። ሳንቃ አጋድመው እስር ጫኑበት። ዝናብ ጣለ። ጭድ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ የተሸከመ ያውቀዋል። ሳንቃው ጎበጠ። ጋሼ ቀስ አየና "ሰው ስጡኝ፣ እናውርደው" አለ። "ከምሳ በኋላ" ተባለ። ጭድ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?

ከምሳ በፊት ግን የልጆች እረፍት አለ። ይህን እሱ ያውቃል። ኮሚቴው አያውቅም? ክፍሌ ድረስ መጥቶ "እታለም፣ ልጆቹን እንዳታስወጪብኝ። ዘፈን አዘፍኛቸው" አለኝ። በሩን ዘግቼ አዘፈንኳቸው። እያጨበጨቡ ዘፈኑ። እሱ ጣሪያውን ሊያወርድ ብቻውን ከሥሩ ገባ።

"ድምፅ አልሰማችሁም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ጭድ ሲወድቅ አይጮህም፣ ወገኖቼ። እንደ ቆርቆሮ አይንኳኳም። ዝም ብሎ ይወድቃል፤ ዝም ያሰኛል።

ትናንት ለቅሶ ቤት የኮሚቴው ሊቀመንበራችን አጠገቤ ተቀምጠው "በስሙ እንሰይመዋለን" አሉኝ። "ምኑን?" አልኩ። "ግራ አጋቢውን።" የቀረው ጣሪያ እኮ እስካሁን እንደተንጠለጠለ ነው፣ ጌታዬ! ነገ ልጆች ይመጣሉ። ስሙን እዚያ በር ላይ ሊሰቅሉት? በገደለው ላይ?

ስሙን ተዉት። ከዚህ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። ገመድ ያለው ገመድ ያምጣ፤ ከውጭ ሆነን እየሳብን እናውርደው፤ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ። ሊቀመንበራችን፣ እርስዎም ኮትዎን ያውልቁ። ጭድ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?

ጋሼ ቀስ! ወደ ጉድጓዱ ስናወርድህ ሰው ሁሉ "ቀስ! ቀስ!" ሲል ሰማህ? ቃልህን ከአፍህ ነጠቅንህ። እንደምትወደው ቀስ ብለን አስተኝተንሃል። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።

አሁን ግን ልንሮጥ ነው።