ለወለተሩፋኤል፣ የሰውን ልጅ ላለበሰችው

አባቶቼ ካህናት፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ልጆቿ፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ በዚህ ደጀ ሰላም የቆማችሁ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። አምሳል እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ከወለተሩፋኤል ጋር በአንድ አጥር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል።

ልብስ ሰፊነቷን ታውቃላችሁ። አንድ ክረምት ከሥራ ስመለስ በሯ ላይ ቆሜ፣ "ዛሬ አንዲት ወላድ ልጇን በጋቢ ቁራጭ ጠቅልላ ወጣች" አልኳት። መቀሷን አስቀመጠች። "የእኔ ልጆች ልብስ በሳጥን ተቆልፎ የሰው ልጅ ይበርደዋል?" አለችኝ። በማግስቱ ሳጥኑ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም።

ከእናንተ መካከል የልጁን ሹራብ ያላመጣላት ማን አለ? አንቀልባ፣ ካልሲ፣ ብርድ ልብስ ያላመጣላት ማን አለ? ያልተቆጣችውስ? ቁልፉ የወለቀ ሹራብ ስናመጣ፣ "ለልጅሽ ታለብሽው ነበር?" ትለን ነበር። እያንዳንዱን ልብስ ጉንጯ ላይ ታሻሸዋለች። ከቆረቆራት አይሰጥም።

አሁን የምነግራችሁን ወንድማችን ክንዱ ፈቅዶልኛል። እዚያ ከወይራው ሥር ቆሟል። የኮሶዬ ሰው ነው። ሚስቱ የትነበርሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስትወልድ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ። የኮሶዬን ብርድ ታውቁታላችሁ። ወለተሩፋኤል አንድ ዘንቢል ልብስ ይዛ መጣች። ክንዱ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

"ምነው እትዬ፣ እኛ ለማኝ ነን?"

"አይደላችሁም፣ ወንድሜ። ውሰት ነው። ልጁ ሲያድግ አጥባችሁ መልሱልኝ።"

ያን ጊዜ ተቀበለ። "ቃሌ ነው" አለ።

እኔ ደግሞ ሸጋ ዘዴ ነው ብዬ ለሁሉም ደንብ አደረግሁት። ለወለደች ሁሉ "ልጅሽ ሲያድግ አጥበሽ መልሺ" እላለሁ። ሰው አያፍርም፣ ልብሱም ይዞራል። ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ወር ክንዱ ዘንቢሉን ይዞ መጣ። ልብሱ ታጥቧል፣ ታጥፏል። አንዲት ካልሲ አልጎደለም። እኔም እዚያው ነበርኩ። "ምነው፣ እንዲህ ቶሎ አደገ?" አልኩት። ይህ አፌ ነው ያለው።

"አላደገም" አለ። "ከሞተ ሳምንቱ ነው፤ ሳል ወሰደው። ቃል ስለገባሁ ነው የመጣሁት።"

ወለተሩፋኤል ዘንቢሉን አልፋ እሱን አቀፈችው። በዚያው ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራው ተሳፈረች። ሦስት ቀን የትነበርሽ አጠገብ ተቀመጠች።

ስትመለስ፣ "አምሳል፣ እናቲቱ ያንን ልብስ ስታጥብ አስቢያት። ለእኛ ብላ። ከእንግዲህ መልሱ አንልም" አለችኝ።

"የሚያፍረውስ?"

"የሚያፍረውን ቁጭ ብዬ አጫውተዋለሁ። እስኪላመደኝ እጠብቃለሁ።"

እንዲያም አደረገች። መካነ ብርሃን ድረስ እየሄደች በሰው ቤት ቁጭ ብላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ምጡ ስትጫወት ትውላለች። ልብሱ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዱ ሲጨርስ መለሰ፣ አንዳንዱ ለጎረቤቱ ሰጠ፣ አንዳንዱም አስቀረ። ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

እኔንም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ያንን "ቶሎ አደገ?" ያልኩትን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ክንዱ ወንድሜ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በለኝ። የትነበርሽ፣ ይቅር በይኝ። ዛሬ ሁለት ሴቶች ልጆች ይዛችሁ ስላየኋችሁ አምላክን አመሰግነዋለሁ።

ወለተሩፋኤል፣ እህቴ፤ አሁን ላንቺ ልናገር። ዛሬ ጠዋት አስከሬንሽ ከቤት ከወጣ በኋላ፣ ነጠላዬን ላመጣ ስመለስ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት በርሽ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ልብስ የሞላ ፌስታል፣ በሌላው የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ይዛለች። "እትዬ ወለተሩፋኤል አሉ?" አለችኝ። ምን ልበላት? የሉም ማለት አቃተኝ። "ግቢ፣ እኔ እቀበልሻለሁ" አልኳት።

ተቀብያታለሁ፣ እህቴ። ስሟንም ጠይቄያታለሁ። የደከመች ነፍስሽን መድኃኔዓለም በዕረፍት ያኑራት። ደህና ሁኚ። በሩን እኔ እከፍታለሁ።