የተጠጋጉ ኪሶች

ልብስ ሰፊው በሚኖርበት ሰፈር ጤና ጣቢያ አለ። በቤቱ ደጃፍ ቆሞ ቢጣራ ዘበኛው ይሰማዋል። እሱ ግን ያን ቀን ጠዋት አውቶቡስ ለዋውጦ የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለ ክሊኒክ የሄደው፣ እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አይኖርም ብሎ ነው።

ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ወለሉን በበረኪና ማጠብ ጀመሩ። ሽታው አፍንጫው ሲደርስ ሆዱ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለው ጀመር። ምራቁ በአፉ ሞላ። ቀስ ብሎ ተነሳና፣ የቸኮለ ሳይመስል፣ በጓሮው በር ወጥቶ የውሃ ቧንቧው አጠገብ ግድግዳውን ተደገፈ። የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያልፍለት ሲጠብቅ አንድ እጅ ክርኑን ያዘው።

«አጎቴ?»

የእህቱ ልጅ ነበረች። የጤና ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ለተግባር ልምምድ ወደዚህ ክሊኒክ የተመደበች ልጅ። ነጭ ጋዋን ለብሳለች።

«ምን እግር ጣለዎት እዚህ?»

«ጨርቅ… ጨርቅ ፍለጋ ነው የመጣሁት። በዚህ በኩል ጥሩ ጨርቅ ይሸጣል ቢሉኝ።»

«ክሊኒክ ጓሮ ውስጥ?»

«አንቺ ልጅ፣ ገና ዳዴ ስትዪ ጀምሮ በጥያቄ ሰው ታደክሚ ነበር» አለና አፉን በመሐረብ ጠረገ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ጉልበት አጣ።

ከቧንቧው አጠገብ ካለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ አስቀመጠችው፤ ራሷም ጎኑ ተቀመጠች። ሐኪም እንደሚጠይቅ ሳይሆን፣ የቤተሰብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ይሄ ነገር ከጀመረዎት ቆየ?» አለችው።

«ቆየ። ከዝናቡ በፊት ነው። ጠዋት ስነሳ ያቅለሸልሸኛል። ካውያው እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ እንፋሎቱ ይነሳ የለ? እሱ ደግሞ ይብስበታል። ምግብ ሲቀርብ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ሳህኑ የሚገፋኝ ይመስለኛል።»

«ሐኪም አላየዎትም?»

«ያላየኝ ማን አለ! አንዱ ጨጓራ ነው አለ። አንዱ ጭንቀት ነው፣ ሥራ ቀንስ አለ። አንዷ ሐሞት ሳይሆን አይቀርም አለች። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ነፋስ ነው አለኝ። ሁሉም መድኃኒት ሰጡኝ።»

«ሁለተኛው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ፣ የመጀመሪያው ያለውን ነገሩት?»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ፣ ጨዋ ቤት አድገሽ ይህን ትጠይቂኛለሽ? ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ‹ካንተ በፊት ሌላ ዘንድ ነበርኩ› ልበለው? ሐኪም ላይ ሐኪም መደረብ እኮ ንቀት ነው። ለሁሉም ዛሬ ገና ታመምኩ ነው የምላቸው።»

እዚህ ላይ በልብስ ሰፊው መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰውየው ሞኝ አልነበረም። በሰው እጅ የገባን ሥራ አለማጣጣል፣ የሌላውን ሙያ በሌላው ፊት አለማንሳት ከአባቱ የተማረው ጨዋነት ነው። ደንበኞቹም የሚወዱት በዚሁ ነበር። ክፋቱ፣ በሱቅ ውስጥ የሚያስከብር ጠባይ በሐኪም ፊት ሲደርስ ሰው የሚጎዳ መሆኑን የነገረው አለመኖሩ ነው።

የእህቱ ልጅ ግን ይህ የገባት መሰለኝ፤ አልሳቀችበትም።

«እሺ አጎቴ፣ አንድ ሰው ሌላ ሰፊ ያበላሸውን ኮት አምጥቶ ‹አዲስ ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ትከሻውን ብቻ አስተካክልልኝ› ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?»

«አንገቱን ነዋ የምይዘው! የት እንደተቆረጠ ሳላውቅ መቀስ አላነሳም። ደግሞም አይዋሸኝም፤ ገልብጬ ባየው የድሮው መርፌ ቀዳዳ ይታየኛል።»

«የሰው ሆድ ተገልብጦ አይታይም እኮ። እርስዎ ካልነገሩት ሐኪሙም በጭፍን ነው የሚቆርጠው።»

ልብስ ሰፊው በጣቱ የሲሚንቶውን ጠርዝ፣ ጨርቅ እንደሚለካ ሁሉ፣ ሄድ መለስ እያለ ዳበሰው።

«ይሁን፣ በዚህስ ረታሽኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን ሌላም ነገር አለ። ታላቅ ወንድማችንን አታስታውሺውም፤ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። እሱም እንዲሁ ሆዴን፣ ሆዴን ሲል ከረመ። እየሠራ፣ እየሳቀ ከረመ። ኋላ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ለበሽታው ስም ሰጡት። ስሙን በሰማ ማግስት አልጋ ያዘ፣ ከዚያ ወዲያ አልቆየም። ስም የሌለው ነገር እንግዳ ነው፣ ይሄዳል ትያለሽ። ስም ካገኘ ግን ይቀመጣል።»

«እናቴ ነግራኛለች» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ስሙ አይደለም የገደላቸው። ስሙ ሲደርስ እሳቸው አልቀው ነበር። እየሳቁ በከረሙበት ጊዜ ሄደው ቢሆን ምናልባት…» አልጨረሰችውም። «ምናልባት ነው የምለው። አላውቅም።»

እሱም ጨርሺው አላላትም። ወለሉ በበረኪና የታጠበበት ውሃ በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ ቱቦው ሲፈስ ሁለቱም ያዩት ነበር።

«እትዬስ፣ ባለቤትዎ፣ ያውቃሉ?»

«አታውቅም። ምሳዬንም ራቴንም ሱቅ በልቻለሁ እላታለሁ።»

«ያምኑዎታል?»

«ታምነኛለች እንጂ! ችግሩ እሱ ነው። የምታበላኝ ሴት አለች ነው የምትለው።»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። እሱ እንዳልሳቀ ስታይ አፏን ያዘች።

«ባለፈው ሰሞን ሳህኔን ከገበታው አነሳችው። ‹ጠግቦ ለሚመጣ ሰው ሳህን ምን ይሠራለታል› አለችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትተኛው።»

«ታዲያ ታምሜ ነው አይሏቸውም? በሌላ ሴት መጠርጠር ተሻለዎት?»

«ትናደድ ብዬ ነው፤ ንዴት አይገድልም። የወንድሜን አስከሬን ያጠበች እሷ ናት። ያን ያየች ሴት፣ እኔም ሆዴን አመመኝ ብላት እንቅልፍ የሚወስዳት ይመስልሻል?»

ይህን ብሎ ተነሳ። «ዛሬስ አልገባም። ለእናትሽም እንዳትነግሪ። ሥራም አለብኝ» ብሎ ወደ አጥሩ በር መራመድ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ልጅቱ ከኋላው ያየችው።

ሱሪ ሲሰፋ በሁለቱ የኋላ ኪሶች መካከል የሰው መዳፍ የሚያሳርፍ ቦታ ይተዋል። በልብስ ሰፊው ሱሪ ላይ ግን ኪሶቹ ከንፈር ለከንፈር ገጥመው ነበር፤ በአንዱ የገባ እጅ በሌላው የሚወጣ ይመስል ነበር።

«አጎቴ! እስቲ ይቁሙ። ኪሶችዎ ምን ሆኑ?»

እጁን ወደ ኋላ ወረወረ፤ እንደተሰረቀ ሰው።

«ምንም አልሆኑም።»

«ተገናኝተዋል እኮ!»

ጊዜ ወሰደበት እንጂ ተናገረ። ወገቡ ላላ ባለ ቁጥር፣ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት፣ መዝጊያውን ቆልፎ ሱሪውን በመሐል ጀርባው ስፌት በኩል ያጠብበዋል። ከዚያ ኮቱን በጎንና በጎን። ከዚያ የሸሚዙን አንገት። ሚስቱ የከሳ ሰው እንዳታይ፣ ጎረቤት «ምነው አለቅህ» እንዳይል፣ እሱም በመስታወት ሲያልፍ እንዳይደነግጥ። ሙያ ያለው ሰው ነውና ልብሱ ሁልጊዜ ልኩ ነበር።

«ሐኪሞቹ ‹ከስተዋል ወይ፣ ልብስዎ ሰፍቶዎታል ወይ› ብለው አልጠየቁዎትም?»

«ሁሉም ጠይቀውኛል። ‹ልብሴ ልኬ ነው› አልኳቸው። አልዋሸሁም።»

«እርስዎ አልዋሹም። መርፌዎ ዋሸልዎት። ሚዛን ላይስ?»

«ያወጡኛል። ግን የየቦታው አዲስ ሰው ነኝ፤ የትናንቱን ክብደቴን የሚያውቅ የለም።»

ጥያቄዋን ከመወርወሯ በፊት ልጅቱ ጥቂት አሰበች። ትገሥጸኛለች ብሎ ትከሻውን ሰብስቦ ነበር የቆመው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ የሙያዎን ነው። ከዚህ በኋላ ወገቡ ሲላላ፣ ይህን ሱሪ በየት በኩል ነው የሚያጠብቡት?»

ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። እጁ ወደ ኋላ ሄዶ ኪስና ኪሱ የገጠሙበትን ቦታ ዳበሰ፤ ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፣ አልገባም። ከዚህ አልፎ የሚያዝ ጨርቅ አልነበረም። ይህን ከልጅቱ ይልቅ እሱ ያውቃል። ለስንቱ ደንበኛ «ከዚህ በላይ አይጠብም ጌታዬ» ያለ ሰው ነው። ለራሱ ግን ብሎት አያውቅም ነበር።

«አይጠብም» አለ። ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር። «አለቀ።»

«እንግዲያው ይተርትሩት። ሐኪሙ እርስዎን ይይዎት።»

መጋረጃ ወዳለው ክፍል አስገባችውና ወጣች። ከኮት ኪሱ ከማይለየው ትንሽ ምላጭ ጋር ብቻውን ሆነ፤ ሱሪውን አውልቆ ጭኑ ላይ ገለበጠና ስፌቱን በጠሰ። ጥሩ ስፌት ነበር። ክሩን ሲስበው አዘነለት። አንዱን ስፌት ሲፈታ ከሥሩ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ወጣ። የየጊዜው የመርፌ ቀዳዳ በጨርቁ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፎ ቀረ።

መልሶ ሲለብሰው ወገቡን በጡጫው ጨብጦ መያዝ ነበረበት። የመስኮቱ መስታወት ውስጥ አንድ ሽማግሌ የትልቅ ሰው ሱሪ ውስጥ ቆሞ ያየዋል። ሰላም ሊለው ምንም አልቀረው።

ሐኪሙ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ የደከመው ሰው ነበር። ልጅቱ ፈቃድ ጠይቃ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ልብስ ሰፊው የለመደውን፣ «ዛሬ ጠዋት ገና…» ብሎ ጀመረና አቆመ። ከዚያ የሱሪውን ወገብ ዞር አድርጎ የቀዳዳዎቹን መስመር አሳየ።

«ይህችኛዋ ከዝናቡ በፊት ናት። ይህች የተማሪዎች ደንብ ልብስ በሚሰፋበት ሰሞን፤ ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የሚያቅለሸልሸኝ። ይህች የሠርግ ልብስ ሲበዛብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማታም ጀመረኝ። ካንተ በፊት ሌሎች ሐኪሞችም አይተውኛል፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይቅርታው ለምንድን ነው? እባክዎ ይቀጥሉ» አለ። የሰጡትን መድኃኒት ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀው። «ሌላስ? ማንም ያላዘዘልዎት፣ በራስዎ የሚወስዱት?»

«ለጀርባዬ ነው፤ ማጎንበስ ነው ሥራዬ» ብሎ ከኪሱ የእንክብል እሽግ አወጣ። «በየቀኑ እወስዳለሁ።»

«ማን ሰጠዎት?»

«ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው።»

«እሱስ ከማን አገኘው?»

«ከአማቱ።»

«አማቱ ሐኪም ናቸው?»

«ኧረ እሷስ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው።»

ሐኪሙ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። እንክብሉ ጨጓራን እንደሚያቆስል፣ ዛሬውኑ ማቆም እንዳለበት፣ ደምና ሰገራ እንደሚመረመር፣ ከዚያም በጉሮሮ በሚገባ መሣሪያ ሆዱ ውስጡ እንደሚታይ ነገረው። «ምናልባት አንዱ ምክንያት ይህ መድኃኒት ነው። ሁሉም ግን እሱ ላይሆን ይችላል። ይህን ያህል መክሳትዎ አላማረኝም።»

«ስሙስ?»

«ስሙን ገና አላውቀውም። ግን ተመልሰው እኔ ዘንድ ይምጡ። ሌላ ቦታ ቢሄዱ እንኳ እኔ ያልኩትን ይዘው ይሂዱ።»

ልብስ ሰፊው ስም ፈርቶ ነበር የኖረው፤ አላውቅም የሚል ሐኪም ግን ገጥሞት አያውቅም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉም ይልቅ ያመነው ይህን ነው።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን በቁራጭ ጨርቅ አስሮት ነበር። ሚስቱ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ቀና አላለችም።

«ራትህን በልተሃል መቼም።»

«አልበላሁም።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። ዓይኗ ከፊቱ ወደ ወገቡ ወረደ።

«ይሄ የማን ሱሪ ነው?»

«የእኔ ነው። አንቺ የገዛሽልኝ ጨርቅ።»

ያጠፈችውን ሸሚዝ ለቀቀችው። መጥታ ቁራጩን ጨርቅ ፈታችና የተረፈውን ወገብ በሁለት እጇ ሰብስባ ያዘችው። እጇ ሞላ። ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች።

«ሌላ ሴት የለችም» አላት።

«ዝም በል። አየሁ አይደል» አለች ፊቷን ሳታነሳ። «ምነው ሌላዋ ሴት በኖረች።»

ያን ማታ ሳህኑ ገበታው ላይ ተመለሰ። ሾርባ ቀዳችለት። ጥቂት ቀምሶ ሲያቅተው ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ሰበብም አልፈጠረም። እሷም «ጨርስ» አላለችውም።

አንባቢ ዳነ ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ያኛውን እንክብል ካቆመ ወዲህ ማታ ማታ ያለው ማቅለሽለሽ ቀለለለት፤ በመሣሪያ ሲታይ የተገኘው ቁስልም እየጠገገ ነው። የጠዋቱ ግን አልሄደም፤ ስሙም እስካሁን አልተገኘም። ቀጠሮው ይቀጥላል፤ አንዳንድ ጠዋት አሁንም ግድግዳ ይደገፋል። ትርፉ ሌላ ነው። አንድ ሐኪም የትናንቱንም የዛሬውንም ያውቃል፤ የሚወስደው ነገር ሁሉ በአንድ ከረጢት ተይዞ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል። ሚስቱ ካውያው ከመሞቁ በፊት ሱቁ ድረስ መጥታ መስኮት ትከፍታለች፤ ሲያጎነብስ ጀርባውን የሚይዝ እጅ አለ። የወንድሙን ስም ሲያነሱም ከእንግዲህ አብረው ይፈራሉ እንጂ ለየብቻ አይፈሩም። ሕመም ቶሎ ባይለቅ እንኳ፣ ከተደበቀው ይልቅ የታየው ይቀላል።

ሱሪውን ሚስቱ ብትለምነውም አላጠበበውም፤ በቀበቶ ይዞታል።

በቅርቡ ጫማ ሰሪው ጎረቤቱ ሱሪ በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ ሱቁ ገባ። «ወገቡን ትንሽ አጥብብልኝ እስቲ፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ አልይዝ አለኝ» አለው እየሳቀ።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ግን አልዘረጋውም። ወንበር ሳበለት።

«አጠብብልሃለሁ» አለው። «መጀመሪያ ግን ተቀመጥና ንገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»